የነፃ መድኃኒት መሳፈሪያ

የዕድሜ ማራዘሚያው መድኃኒት ነፃ ነው። በአገራችን ያለ ክፍያ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም ነው። ባለቤቴ በ1995 አረፈ፤ አልደረሰበትም። እኔ ጎንደር ላይ የጀመርኩት በ1999፣ ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ ይቻላል ባሉበት ዓመት ነው። ይኸው ዛሬ በቀን አንዲት ክኒን እየዋጥኩ የልጅ ልጅ አቅፋለሁ።

ነፃ ያልኩት ግን ክኒኑን ነው። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መድኃኒቱ እዚሁ ደባርቅ እያለ እዚያ ድረስ የምሄደው የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ነበር። የሚኒባሱን፣ የምሳውን፣ ሲመሽብኝም የአልጋውን ዶሮና እንቁላል እየሸጥኩ ከፈልኩ። ልጄ ስትጠይቀኝ «ዘመድ ልጠይቅ ነው» እላታለሁ። በዓመት ስንት ጊዜ ዘመድ ይጠየቃል?

በነሐሴ 2015 ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ተዘጋ። ማታ ማታ ሁሉም ሲተኛ የቀሩኝን ክኒኖች በስልኬ መብራት እቆጥር ነበር። መኪና ሳገኝ ሦስት ቀርተውኝ ነበር።

ከዚያ ደም ግፊት ጨመረብኝ። የግፊቱ መድኃኒት ደግሞ በገንዘብ ነው። እርግጥ በየዓመቱ እህል ሲገባ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ እከፍላለሁ፤ ደብተሩ ግን ሣጥን ውስጥ ነው። በመድን ለመታከም መጀመሪያ የአካባቢን ጤና ጣቢያ መርገጥ ያስፈልጋል፤ ወደ ሆስፒታል የሚታለፈው በሪፈር ነው። እኔ ጤና ጣቢያውን ሸሽቼ ጎንደር ስታከም ከኪሴ እከፍላለሁ። መዋጮውንም ከፍዬ፣ ሕክምናውንም ከፍዬ።

በጥር 2017 አሜሪካ እርዳታ አቋረጠች የሚል ወሬ በሬዲዮ ሰማሁ። ነፃውም የሚቀር መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ። የካቲት ላይ ደብተሬን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ እሷ ስትወለድ ገንፎውን ያገነፋሁት እኔ ነኝ።

«እትዬ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«አለ። 18 ዓመቴ።»

ቀና ሳትል ጻፈች። ከዚያ፣ «ታዲያ ለምን ጎንደር ድረስ ይንገላታሉ?» አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም።

ከታዘዙልኝ ከሁለቱ የግፊት መድኃኒቶች አንዱ የለም ተባልኩ፤ ከውጭ ገዛሁት። መድን እያለ ይህ ለምን እንደሚሆን ዛሬም አልገባኝም። ደረሰኙን ደብተሩ ውስጥ አኑሬዋለሁ።

ለልጄ ገና አልነገርኳትም። ለሚቀጥለው ቀጠሮ አብራኝ እንድትሄድ ግን ጠየቅኋት።

«ዘመድ ጥየቃ ነው?» አለች።

«አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ነው» አልኳት።