ዳቦውን ማን ጋገረው?

የኤፊቆሮስን ስም ብዙዎቻችን የምናውቀው ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ነው። ቅዱስ ጳውሎስ አቴና ላይ ካገኛቸው ፈላስፎች መካከል የእርሱ ተከታዮች ነበሩበት። ከዚያ ውጪ ስሙ ሲነሳ ለሆዱና ለምቾቱ ብቻ የኖረ ሰው ተደርጎ ይወራለታል። መቼም ስም አንዴ ከጠፋ መመለሻ የለውም። ለኤፊቆሮስ ተድላ ማለት ሥጋ ከሕመም፣ ነፍስም ከጭንቀት ማረፋቸው ነበር። ዳቦና ውኃ ይበቃው ነበር፤ መደገስ ባማረው ጊዜም ወዳጁን የጠየቀው ጥቂት አይብ እንዲልክለት ነው።

እኔ ግን ሰውዬውን የወደድኩት በቁጥብነቱ አይደለም፤ በበሩ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ306 ገደማ አቴና ውስጥ አንድ የአትክልት ቦታ ገዝቶ ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ በሩን ለሴቶችና ለባሪያዎችም አልዘጋም። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የዚያን ዘመን የአቴና ሴት ዕድሜ ልኳን በወንድ ሞግዚት ሥር ነበረች፤ ከአንድ መስፈሪያ ገብስ በላይ ዋጋ ያለው ነገር በራሷ ሥልጣን መሸጥ መለወጥ አትችልም። ኤፊቆሮስ ግን ለተማሪው ለቴሚስታ ደብዳቤ ይጽፍላት ነበር። ሌላዋ ተማሪው ሊዮንቲዮንም የአርስቶትልን ወንበር የወረሰውን ቴዎፍራስጦስን የሚሞግት መጽሐፍ ጻፈች።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ባጫወትኩት ጊዜ ሳቅ አለና፣ «እሺ፣ ሴቶቹ እዚያ ምን ይሠሩ ነበር ትያለሽ?» አለኝ። ጥያቄው የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 በጻፈው መጽሐፍ ሊዮንቲዮንን ጋለሞታ ብሎ ሰድቧታል። ግሪክኛዋ ያማረ መሆኑን ግን ሳይወድ አምኗል። ወንድ መጽሐፍ ሲጽፍ ሐሳቡ ይመረመራል፤ ሴት ስትጽፍ አዳሯ። የሊዮንቲዮን መጽሐፍ ጠፍቷል፤ ስድቡ ግን ይኸው እኛ ዘንድ ደርሷል።

ወዳጄ ይህን ሲጠይቀኝ ረከቦቱ ፊት የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ከአቦል እስከ በረካ ጨዋታው የእርሱ፣ ከሰሉና ጭሱ የእኔ። ያን ጊዜ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ፦ ለመሆኑ በዚያ የአትክልት ቦታ ዳቦውን ማን ጋገረው? ሁሉም እኩል ቁጭ ብሎ ሲፈላሰፍ እሳቱ ዘንድ የቀረው ማን ነበር?

ዲዮጌኔስ ላኤርቲዮስ ያቆየልን የኤፊቆሮስ ኑዛዜ ጥቂት ፍንጭ ይሰጣል። ፈላስፋው በ270 ሲሞት ሦስት ወንዶች ባሪያዎችና ፌድሪዮን የምትባል ሴት ነፃ እንዲወጡ ተናዟል። መልካም ነው፤ ግን እስከዚያ ድረስ ባሪያዎች ነበሩ ማለት ነው። ደግሞም ከእርሱ ቀድሞ የሞተው የወዳጁ የሜትሮዶሮስ ሴት ልጅ እንድትረዳ አዟል። ይሁንና ጨዋ ከሆነችና የትምህርት ቤቱን ወራሽ ሄርማርኮስን ከታዘዘች ነው። ዕድሜዋ ሲደርስም ሄርማርኮስ ከማኅበሩ መርጦ ይድራታል። የልጅቱ ፈቃድ አልተነሳም። በሩ ለሴት ተከፍቷል፤ ውሉ ግን ያለ እርሷ ተፈርሟል።

የሚገርመው፣ ይህን የምንነቅፍበትንም ሚዛን የሰጠን ራሱ ኤፊቆሮስ መሆኑ ነው። ፍትሕ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሰዎች ላለመጎዳዳት የገቡት ውል ነው ይላል። አብሮ ለመኖር መጥቀሙን ያቆመ ሕግም ፍትሕነቱ ያኔውኑ ያበቃል። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ለሴቶች እኩልነት የሚመች ክርክር የለም። በእኛም አገር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር፤ ለሴት ልጅም 15 ዓመት ለጋብቻ በቂ ነው ይል ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ መታዘዙን አስቀርቶ ቤተሰብ መምራትን የሁለቱም አደረገ፤ የጋብቻንም ዕድሜ ለሁለቱም 18 አለ። መጥቀሙን ያቆመ ሕግ ተሻረ።

ሕግ ግን ማጀት ድረስ አይገባም። ሴት ቢሮ መግባቷን፣ ወንበር ማግኘቷን እየቆጠርን ደስ ይለናል፤ ደስ ሊለንም ይገባል። የኤፊቆሮስ ሚዛን ግን ከዚህ ይጠብቃል። ትልቁ በጎ ነገር ዕረፍት ከሆነ፣ እኩልነትም የሚለካው ዕረፍቱ እንዴት እንደተከፋፈለ ነው። የአንዱ የነፍስ ሰላም በሌላዋ የወገብ ሕመም ከተገዛ፣ ያ ተድላ ሳይሆን ዕዳ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ስለ እኩልነት ከመከራከራችን በፊት አንዲት ቀላል ጥያቄ ላቅርብ። ማታ ራት ከተበላ በኋላ በቤትዎ መጀመሪያ አረፍ የሚለው ማን ነው? መጨረሻ የሚያርፈውስ?