ከመሐል ሜዳ እስከ ደብረ ሲና በኦራል

በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. የጓሳን ምድር ጐብኝተን ወደ መሐል ሜዳ በተመለስንበት ማታ፥ በማግሥቱ ወደ ደብረ ሲና ሊወስደን የነበረው አውቶቡስ መበላሸቱን ሰማን። ያረፍንበት ቤት እመቤት ጭንቀታችንን አይተው፥ «ኦራሉ አለ አይደለም ወይ? ሃምሳ አለቃ ሌሊት ይነሣሉ፤ ልጄን ልኬ አስነግርላችኋለሁ» አሉን። እኛ እስከዚያ ቀን ድረስ ኦራልን የምናውቀው ወታደር ጭኖ ሲያልፍ ብቻ ስለ ነበረ፥ ነገሩ ጥቂት ገረመን።

ይህን መኪና ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ቃል መናገር ይገባል። ስሙ የተገኘው በሩሲያ ምድር ካሉት ከኡራል ተራሮች ነው፤ የሚሠራውም በዚያው አካባቢ በሚያስ ከተማ ነው። ለጦር ሠራዊት የታሰበ በመሆኑ ስድስቱም ጎማዎቹ በሞተሩ ኃይል ይዞራሉ። 375 የተባለው የቀድሞው ዓይነት በቤንዚን የሚሠራ ነበር፤ የመጠጡም ነገር ለመንግሥት እንጂ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚቻል አልነበረም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1977 መሠራት የጀመረው 4320 ግን ባለ 8 ሲሊንደርና ባለ 210 የፈረስ ጉልበት የናፍጣ ሞተር ስለ ተገጠመለት፥ ከጦር ሜዳ ወጥቶ በገበያ መንገድ እንጀራ ሊያበላ ቻለ። ኦራሎች ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት ከመጣው የጦር መሣሪያ ጋር ነው። ሕዝቡም ኡራል የሚለውን ስም ኦራል ብሎ ለአፉ አስማማው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ወደ ስፍራው ስንደርስ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነበር። መኪናው አፍንጫውን ወደ ቍልቍለት አድርጎ ቆሟል። ሃምሳ አለቃ በርኖስ ደርበው፥ አንድ ቆርቆሮ የፈላ ውኃ በራዲያተሩ ውስጥ በቀስታ ያፈስሱ ነበር። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ ሰው ናቸው፤ በወታደርነታቸው ዘመን ይህንኑ ዓይነት መኪና ነድተዋል። አሁን የሚነዱትን ከሚስታቸው ወንድም ጋር ሆነው በጨረታ ገዙት። የአገሩ ሰው ሁሉ በማዕርጋቸው እንጂ በስማቸው አይጠራቸውም። «ባትሪው እንደ እኔ አርጅቷል፤ በብርድ አይነሣም። ስለዚህ ማታ ማታ ቍልቍለት ፈልጌ ነው የማቆመው» አሉን። ረዳቱ ታኮውን ከጎማው ሥር ሲያነሣ መኪናው ያለ ድምፅ ተንከባለለ፤ ሃምሳ አለቃም ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን በለቀቁ ጊዜ ሞተሩ አንድ ጊዜ አጓርቶ ተነሣ፤ ጥቍር ጢሱም ሰፈሩን አለበሰው። በዚያ ሰፈር ዶሮ ባይኖርም ሰው አይተኛም ማለት ነው።

ይህ መኪና ለሃምሳ አለቃ ቤት በሬም፥ በቅሎም፥ እርሻም ነው። አንድ ቀን የቤት መሥሪያ ድንጋይ፥ አንድ ቀን ገብስና ባቄላ፥ በበጋ በበርሜል ውኃ፥ በጥር ወር ደግሞ ሙሽራና ሚዜ ይጭናል። በ100 ኪሎ ሜትር እስከ 40 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል፤ ጎማው ውድ ነው፤ መሪውም ትከሻ ያደክማል። ልጃቸው ይህ ተሽጦ አይሱዙ እንዲገዛ በየጊዜው እንደሚጨቀጭቃቸው ነገሩን። «እውነቱን ነው» አሉና ጥቂት ዝም ብለው፥ «ግን በክረምት የመንዝን ጭቃ አይሱዙ ያውቀዋል?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም።

ጋቢናው ከሾፌሩ ጋር ሦስት ሰው ይይዛል። ከእኛ ጋር የተቀመጠችው ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ነበረች። እናቷ ሸዋ ሮቢት ላይ በዋዜማው ማታ ዐርፈው፥ ቀብሩ በ9 ሰዓት እንዲሆን ተቈርጧል። ከበስተኋላ፥ በገብሱ ጆንያ ላይ፥ ዐሥር ያህል ሰዎች ባና ተከናንበው ሁለት በጎች ይዘው ተቀምጠዋል። በጭነት መኪና ላይ ሰው መጫን ሕግ የሚከለክለው ነገር መሆኑን እናውቃለን፤ በዚያ ማለዳ ግን ሌላ የሚሄድ ነገር አልነበረም።

በመሪው ፊት ያለው ጽሕፈት ሁሉ በሩሲያ ፊደል ነው፤ ሃምሳ አለቃም ከዚያ አንዱንም አያነቡም። የመኪናው አካል ሲጠራ ግን ጋቢና፥ ፍሪሲዮን፥ ባሌስትራ፥ ታኮ ይባላል፤ እነዚህም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። አማርኛ የሚማር ሰው እነዚህን ከመዝገበ ቃላት ይልቅ ከጋራዥ ቢለምዳቸው ይቀለዋል። ምክንያቱም ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን በያዙበት ጊዜ መንገዱንና ከባዱን የናፍጣ መኪና አንድ ላይ ስላመጡት ነው። ሽማግሌዎች ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት ፊያት 634 በአውሮፓ አቈጣጠር በ1931 የወጣ መኪና ነው፤ ጦሩ ካለፈ በኋላም የተረፈው ለነጋዴ ሲያገለግል ኖሯል። እንግዲህ ኦራል የወታደር ልብሱን አውልቆ እህል በመጫን የመጀመሪያው አይደለም።

ሞላሌን ካለፍን በኋላ በአንድ ረግረግ ስፍራ አይሱዙ እስከ ሆዱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ መንገዱን ዘግቶት አገኘን። ሃምሳ አለቃ ወረዱና ጭቃውን በዱላ ለኩት። ተመልሰውም በጋቢናው ውስጥ ያለውን ቍልፍ አዞሩ። የኦራል ትልቁ ጥበብ ይህ ነው፤ ነጂው ከመቀመጫው ሳይነሣ የስድስቱንም ጎማ ነፋስ ሊቀንስና መልሶ ሊሞላ ይችላል። ነፋሱ ከ3 ወደ 1 ገደማ ሲወርድ ጎማው እንደ ግመል እግር ይሰፋና በጭቃው ላይ ይሄዳል። በዚህ ዐይነት በዳር በኩል አልፈው፥ የብረት ገመድ አሥረው አይሱዙን ይስቡት ጀመር። ገመዱ ሁለት ጊዜ ተፈታ። ሴትየዋ ፀሐይን አሻቅባ እያየች፥ «ሃምሳ አለቃ፥ እርስዎ ሰውን ይረዳሉ፤ እናቴ ግን አትጠብቀኝም» አለች። እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ ነጂው ሜዳ ላይ ሊያድር ነው፤ ከኋላችን የሚመጣ ሁሉ ደግሞ እዚሁ ይቀራል። ጥቂት ታገሽኝ» ብለው መለሱላት። አይሱዙ ሲወጣ ከአንድ ሰዓት በላይ አልፎ ነበር። ነጂው ገንዘብ ቢያወጣ ሃምሳ አለቃ አልተቀበሉም፤ እኛም ጎማችንን በነፋስ ሞልተን ጕዟችንን ቀጠልን።

የመንዝ መንገድ ከዋናው መንገድ ጋር የሚገናኝበት ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ያለ ነው። ከዚያ በጣሊያን ጊዜ የተፈለፈለውን ዋሻ ያለፈ ሰው፥ ምድር ከእግሩ ሥር የተቈረጠች ይመስለዋል፤ መንገዱ በገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፥ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ቈላ ይወርዳል። እኛ ጣርማ በር ስንደርስ 7 ሰዓት ሆኖ ነበር። ሴትየዋም ገና ጊዜ አለ ብላ ፊቷ ጥቂት ተፈታ። ወደ ዋሻው ሳንገባ ግን ሃምሳ አለቃ መኪናውን ዳር አስይዘው አቆሙ። ጣታቸውን በነፋሱ መለኪያ ላይ አድርገው ዝም አሉ። መርፌው ከ6 ማለፍ ሲገባው ከ4 በታች ወርዶ ነበር።

የኦራል ፍሬን የሚሠራው በነፋስ ግፊት ነው፤ ጎማውን የሚሞላውም ያው ነፋስ ነው። ጭቃው ውስጥ ያገለገለን ጥበብ አሁን ጠላት ሆነብን፤ ወደ አንዱ የኋላ ጎማ የሚሄደው ቱቦ ከጫፉ ተሰንጥቆ ነፋሱን እያፏጨ ያወጣው ነበር። ረዳቱ ሁለት ታኮ ጣለ። ከላይ ያሉት መንገደኞች ጮኹ፤ አንዱ፥ «በማርሽ ይዘው ይውረዱ እንጂ! ስንት ጊዜ ወርደውታል!» አለ። ሃምሳ አለቃም ድምፃቸውን ሳያነሡ፥ «ማርሽ የፍሬን ረዳት ነው፤ የፍሬን ምትክ አይደለም። እዚህ ቍልቍለት ላይ አንድ ጊዜ ያመለጠን ማርሽ መልሼ አላስገባውም» አሉ። ሴትየዋ አልጮኸችም። እጃቸውን ይዛ ብቻ፥ «አባቴ፥ ቀስ ብለው» አለቻቸው። እርሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው፥ «አልችልም፥ ልጄ» አሉ።

እውነቱን ለመናገር እኛም በልባችን ከመንገደኞቹ ጋር ነበርን። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ጢሱን አፍኖ ሞተሩን የሚያዘገየው መሣሪያም አለ፤ ለምን አይሞከርም ብለን አሰብን። በአፋችንም ልንናገረው ጥቂት ቀርቶን ነበር። በኋላ ወደ ገደሉ ጫፍ ሄደን ወደ ታች ስንመለከት ጉም ብቻ አየን፤ በጉሙም ውስጥ የሌላ መኪና ጥሩንባ ከእግራችን በታች ይሰማ ነበር። ተመልሰን ዝም አልን።

አንድ አውቶቡስ መጣ፤ ሞልቶ ስለ ነበረ አልቆመም። ሁለተኛውም እንዲሁ አለፈ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያ ጭቃ የተለቀለቀው አይሱዙ ብቅ አለና ነጂው ኦራሉን አይቶ ቆመ። በጋቢናው ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ያለ ብዙ ቃል ወርዶ ስፍራውን ለሴትየዋ ለቀቀና ከእኛ ጋር ቀረ። ሃምሳ አለቃ ወደ ነጂው መስኮት ቀርበው፥ «እንዳትሮጥ» አሉት። የተናገሩት ይህን ብቻ ነው።

ጥገናው እስከ 10 ሰዓት ቈየ። ረዳቱ ከመኪናው ሥር ተኝቶ፥ ሃምሳ አለቃ ከላይ እየነገሩት፥ የተሰነጠቀውን ቱቦ ቈርጠው አፉን በብሎን ደፈኑት፤ በሽቦም አሠሩት። ሞተሩ ሲሠራ መርፌው ቀስ እያለ ወጣ፤ 6ን አለፈ። ሃምሳ አለቃ ግን ወዲያው አልተነሡም፤ ሞተሩን አጥፍተው መርፌው ይወርድ እንደ ሆነ ዐሥር ደቂቃ ያህል ተመለከቱት። ያን ጊዜ የጮኸ ሰው አልነበረም። ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ፥ የእግረኛ ሩጫ ያህል በሆነ ፍጥነት፥ ዋሻውን አልፈን ወረድን። በየመታጠፊያው መርፌውን ያዩ ነበር፤ እኛም እናየው ነበር።

ደብረ ሲና ስንገባ መሽቷል። ቆሎ ሻጮቹ ሴቶች መብራት አብርተው መኪናውን ከበቡት። ረዳቱ ለአይሱዙው ነጂ ስልክ ደውሎ ሲያነጋግር ሃምሳ አለቃ በቅርብ ቆመው ጠበቁ። ሴትየዋ የደረሰችው አፈር ሲመለስ ነበር፤ የእናቷን ፊት አላየችም። ሃምሳ አለቃ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ቃል አልተናገሩም። በመዳፋቸው የስድስቱንም ጎማ ሙቀት እየዞሩ ዳሰሱ፤ ከቆሎ ሻጮቹም ከአንዷ ሁለት ስኒ ቆሎ ገዝተው አንዱን ለእኛ ሰጡን። ቀጥሎም ወደ ጋቢናው ወጥተው፥ ለነገ ጧት የሚሆን ቍልቍለት ሊፈልጉ ሄዱ።