ጋሼ አረቄ ያቆመ ሰሞን

ታላቅ ወንድሜን «ጋሼ፣ ዛሬውኑ ተወው፤ ጌታ ይረዳሃል» ያልኩት እኔ ነኝ። ለዓመታት ጠዋት ማታ አረቄ ይጠጣ ነበር። ሰማኝ፤ ጠርሙሱን ደፋው። በማግስቱ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ በላብ ሆነ። በሁለተኛው ሌሊት ወደቀ፤ አረፋ ደፈቀ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ፣ ዲግሪ የያዝኩት አስተማሪ፣ «ውጣ!» እያልኩ መገሠጽ ጀመርኩ። ጎረቤት ቀስቅሳ ባጃጅ ያስመጣችው እናታችን ናት።

ሐኪሙ አልተቆጣኝም። አልኮል አንጎልን ያፈዛል አለኝ፤ አንጎልም ፈዞ ላለመቅረት ራሱን ሲያነቃ ይኖራል። መጠጡ ድንገት ሲቋረጥ ያ መነቃቃት ልጓም ያጣል። ብዙ ጊዜ የሚጥለው ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ባሉት 48 ሰዓታት ውስጥ ነው፤ ሊገድልም ይችላል። ማረጋጊያ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ሰጥተው አስተኙት።

አልፎ አልፎ ቢራ የምትቀምሱ ካላችሁ (እንዳላችሁ አውቃለሁ) ዛሬ ብታቆሙ ይህ አያገኛችሁም። ቤታችሁ ጠዋት ካልቀመሰ እጁ የማይረጋ ሰው ካለ ግን፣ «ዛሬውኑ ተው» ከማለታችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እየጸለያችሁ ውሰዱት።

ጋሼ ካቆመ አራት ዓመት ሆነው። ፊቱ ወዝ አውጥቷል። እኔን ሲያይ ግን እጁን ዘርግቶ «ውጣ!» ይለኛል፤ እናታችን በሳቅ ትፈርሳለች።