እንትን ማለት ነውር ነውን?

እናንተ ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፤ ሰው ሲናገር «እ...»፣ «እንትን»፣ «ያው»፣ «ማለት ነው» እያለ ቢዘገይ አትናቁት። እኔ አንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት አፍሬ የከፈልሁትን ዋጋ ልንገራችሁና ከእኔ ተማሩ።

የተወለድሁት በጋሞ ምድር፣ ከአባያ ሐይቅ በላይ ቋጥኝ ላይ በተሠራችው በኦቾሎ ነው። አገሬ በሸንጎዋ የታወቀች ናት፤ ማርክ አቤሌስ የተባለ ፈረንሳዊ የሕዝብ ባህል ተመራማሪም ስለዚሁ ሸንጎ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 መጽሐፍ አሳትሟል። አባቴ በዱቡሻ፣ ይኸውም በሸንጎው አደባባይ፣ ተነሥቶ ሲናገር ይደመጥ ነበር። አስቀድሞ ይመርቃል፤ ጥቂት ቃል ይናገራል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ቃል እየፈለገ መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ ዝምታውን ማንም አይነጥቀውም ነበር።

ዳሩ ግን የመሬት ወሰን ክርክር ተነሥቶ በአርባ ምንጭ ከተማ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት በተጠራ ጊዜ ነገሩ ሌላ ሆነ። በዚያ የሚነገረው አማርኛ ነው፤ የአባቴ ቋንቋ ግን ጋሞኛ ነበር። «ወሰኑ... እ... ከጅረቱ... እንትኑ...» እያለ ቃል ሲፈልግ ከኋላ የተቀመጡት ተሣሣቁ። እኔ ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ፤ ጆሮዬ እስኪግል ድረስ አፈርሁ። ብድግ ብዬ «እኔ ልናገርላቸው» አልሁና ሳልደናቀፍ እንደ ውሃ አወረድሁት። ጸሐፊው ጽፎ አቀረበ፤ አባቴም ልጁን አምኖ አውራ ጣቱን አተመበት።

መንገድ ስንጀምር ምን እንዳልሁ ጠየቀኝ። «ወሰኑ ጅረቱ ነው አልሁ» ብዬ መለስሁለት። ቆሞ ተመለከተኝ። «ጅረቱ አይደለም፤ ከጅረቱ ወዲያ ያለው ሸንተረር ነው። በአማርኛ ስሙን ስፈልግ ነበር» አለኝ። ወዲያው ብንመለስም ቃሉ ተፈርሞበት ነበርና አልሆነም። ያን ስሕተት ለማስተካከል ሁለት ዓመት ተመላለስን፤ በመካከል ያለውም እርሻ ጦሙን አደረ። አባቴ አልተቈጣኝም፤ «ልጄ፣ እግርህ ከዓይንህ ቀደመ» ብቻ አለኝ።

ከዓመታት በኋላ በከፍተኛ ትምህርት ቤት አንድ ሕንዳዊ መምህር ነበሩን። በእንግሊዝኛ ሲያስተምሩ «አ...»፣ «አም...» ይላሉ፤ ከአገራቸው ሰው ጋር በሂንዲ ሲጫወቱ ደግሞ «መትለብ» የምትል ቃል ትደጋገማለች። ትርጓሜዋን ብጠይቃቸው «ማለት» እንደ ሆነች ነገሩኝ። ዐረቦችም በዚሁ ስፍራ «የዕኒ» ይላሉ፤ ትርጓሜው ያው ነው። ለካ የእኛዋ «ማለት ነው» ባሕር ማዶም ዘመዶች አሏት!

ኸርበርት ክላርክና ጂን ፎክስ ትሪ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «አ» የሚሉት ለአጭር መዘግየት፣ «አም» የሚሉት ደግሞ ረዘም ላለው መሆኑን ጽፈዋል። እንግዲህ ይህች ትንሽ ድምፅ «ጠብቁኝ፤ ነገሬን አልጨረስሁም» የምትል ልመና ናት። አባቴ በዚያ ቀን የለመነው ይህንኑ ነበር፤ እኔም ልጁ ነፈግሁት።

ይህን ስል ግን መዘግየት ሁሉ ይመሰገናል ማለቴ አይደለም። ያላነበበውን ትምህርት ሲጠየቅ «ያው... ማለት ነው... እንግዲህ...» እያለ ጊዜ የሚገፋ ተማሪ ባዶነቱን ይሸፍናል። ለእርሱ «አላውቅም» ማለት ይሻለዋል። እኔም በዚያ ጽሕፈት ቤት ማለት የሚገባኝ «አላውቅም» ነበር፤ ወሰኑን በእግሬ ረግጬ አላየሁትም ነበርና። አባቴ እየተንተባተበ እውነቱን ይፈልግ ነበር፤ እኔ ግን ሳልንተባተብ ስሕተት ተናገርሁ።

አበው «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይላሉ። በአፋፍ ላይ ተወልጄ ሳለሁ ይህን ለመረዳት ዘገየሁ። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሰው ቃል ሲጠፋበት ታገሡት፤ የሚለውን የምታውቁት ቢመስላችሁም ከአፉ አትንጠቁት። እናንተም እውነቱን ስትፈልጉ «እንትን» ብትሉ አትፈሩ። አባቴ ካረፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ዛሬ አንድ ሽማግሌ በሰው ቋንቋ ሲቸገር ባየሁ ጊዜ፣ ዝም ብዬ እስኪጨርስ እጠብቀዋለሁ።