«ከሳሽ» የምትባለው ቃል

በአገራችን ሰላምታ የሚፈጸመው በአፍ ብቻ አይደለም፤ በዐይንም ነው። ለብዙ ጊዜ ተለያይተው የቆዩ ሰዎች ሲገናኙ፣ ስለ ደኅንነት ተጠያይቀው ሳይጨርሱ አንዱ የሌላውን ሰውነት በዐይኑ ይመዝናል። «ወፈርህ» የተባለ ሰው ነገሩን እንደ ምርቃት ይቀበለዋል፤ «ከሳህ» የተባለ ግን ምክንያት ለመስጠት ይገደዳል።

እናቴ ሞላ ያለ ሰውነት ስለ ነበራቸው በሰፈሩ «ደርባባ» እየተባሉ ይመሰገኑ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐኪም የስኳር በሽታ አግኝቶባቸው ክብደታቸውን እንዲቀንሱ መከራቸው። እሳቸውም ቅቤና ጣፋጭ ነገር ትተው፣ ማለዳ ማለዳ በእግራቸው እየተጓዙ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ቀነሱ። እኛ ልጆቻቸው ደስ አለን። በዕድር ስብሰባ ቀን ግን ጎረቤቶቻቸው «ምነው እንዲህ ከሳሽ? ምን አገኘሽ?» እያሉ ከንፈራቸውን መጠጡላቸው። ያን ዕለት ማታ እናቴ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠው፣ «ልጄ፣ በቁሜ አለቀሱልኝ» አሉኝ። ከዚያም ለጎረቤት ዐይን ሲሉ እንደ ቀድሞው መብላት ጀመሩ፤ ስኳሩም ከፍ ብሎ አልጋ ላይ ዋሉ።

ጎረቤቶቹን ልወቅሳቸው አሰብሁ። ነገር ግን የ1966ንና የ1977 ዓ.ም.ን ረኀብ ያየ ትውልድ ክሳትን የሚያስታውሰው ከማጣትና ከሞት ጋር ነው። የተናገሩትም በክፋት ሳይሆን በፍርሃት ነበር።

የውፍረት ትርጓሜ ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። በኦሞ ሸለቆ የቦዲ ወንዶች ለካኤል በዓል ለወራት በወተትና በከብት ደም ይቀለባሉ፤ ከሁሉ የወፈረውም በወገኑ ዘንድ ይከበራል። በሶማሌ ወገኖቻችን ዘንድ «ዓቶ»፣ ማለት ቀጭን፣ ያለ ሐፍረት የሚጠሩበት ቅጽል ስም ነው። ሐኪሙ ደግሞ በቁጥር ይናገራል፤ የሰውየውን ኪሎ፣ በሜትር የተለካው ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ያካፍላል፤ ውጤቱ 25 ሲደርስ ክብደቱ ከመጠን አለፈ፣ 30 ሲደርስ ያለ ልክ ወፈረ ይላል። ይህም ቢሆን ለሁሉ እኩል አይደለም፤ የዓለም የጤና ድርጅት የጠራቸው ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2004 ለእስያ ሕዝቦች ጥንቃቄው ከ23 እንዲጀምር አመልክተዋል።

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ቃል አላጣም። «ከሳ» ሕመምንና ችግርን ያሳስባል፤ «ቀጠነ» መጠንን ብቻ ይናገራል፤ «ሸንቃጣ» ግን ያመሰግናል። እንዲሁም «ደርባባ» ማክበር ሲሆን «ቦርጫም» ስድብ ነው። በጽሕፈት ቤት የሚሠራ አንባቢ ደግሞ ይህን ልብ ይበል፤ «ከሳሽ» ተብሎ የሚጻፈው ቃል በፍርድ ቤት ክስ ያቀረበ ሰው ማለት ነው፤ በሰላምታ ጊዜ ግን ለአንዲት ሴት «ሥጋሽ አለቀ» እንደ ማለት ነው። የእናቴን ነገር ላየ ሰው ሁለተኛውም ክስ ነው።

እናቴ ከአልጋ ከተነሡ በኋላ የሐኪሙን ምክር እንደ ገና ያዙ። አንዲት የቅርብ ጎረቤታቸውን ለብቻዋ አግኝቼ ነገሩን አስረዳኋት። በሚቀጥለው ዕድር እርስዋ ከሌሎቹ ቀድማ፣ «ቀለል ብለሻል፤ ደግ አደረግሽ» አለቻቸው። እናቴ በዚያ ቀን ቀና ብለው ወደ ቤት ገቡ።

እንግዲህ የሰውን አካል ከመመዘናችን በፊት ደኅንነቱን እንጠይቅ።