ኃይለኛ ውሻ አለ

አዲስ አበባን በእግሩ የሚዞር ሰው በቃሉ የሚያውቀው ጽሑፍ ቢኖር ይህ ነው። በቆርቆሮ በር ላይ፣ በቀይ ቀለም፣ አንዳንዴም ከሥሩ የውሻ ሥዕል ተጨምሮበት (ሥዕሉ ብዙ ጊዜ በግ ይመስላል፤ እሱን እንለፈው)። እኛም እንደ ሰዉ ሁሉ ጽሑፉን እያነበብን፣ ወደ ማዶ እየተሻገርን አድገናል። ይህ ሁሉ ኃይለኛ ውሻ ከየት ይመጣል ብለን መጠየቅ የጀመርነው ግን ቡችላ ይዘን ከገባን ወዲህ ነው።

እኛ ማለት በአንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይተን የምንኖር እህትማማቾች ነን። ቡችላውን የሁለት ወር ልጅ ሳለ ከዘመድ ቤት በካርቶን ይዘነው መጣን። አከራያችን ካርቶኑን ከፍተው አዩ፣ እኛን አዩ፣ እንደገና ካርቶኑን አዩና በረጅሙ ተንፍሰው «ይሁና!» አሉ። ስሙ በዚያው ጸና። ገጠር ሰው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት የማይለውን በውሻው ስም ይናገር የለ? የእኛም ውሻ ይኸው የአከራያችንን ምሬት ተሸክሞ ይዞራል።

ታዲያ «ይሁና» ያለ ቅድመ ሁኔታ አልመጣችም። «ዘበኛ ነው የሚሆነው፣ መጫወቻ አይደለም። ከአሁኑ ካልታሰረ ደግሞ ኃይለኛ አይሆንም» አሉንና ከዕቃ ቤት ሰንሰለት አወጡ። እውነታችንን ነው፣ ሰንሰለቱ ከቡችላው ይከብዳል። የሰፈሩ ምክር ተከተለ። አንዱ ሚጥሚጣ አቅምሱት አለን። ሌላው ተርብ በዳቦ ጠቅልላችሁ አብሉት፣ የተርቡ ቁጣ ይጋባበታል አለ። ሦስተኛው ጆሮውን መቁረጥ ነው ብሎ ማን እንደሚቆርጥልን ሁሉ ጠቆመን። ምን ይበላል ብሎ የጠየቀን አንድም ሰው የለም።

ሰንሰለቱ ታሪክ አለው፤ የነገሩን ራሳቸው አከራያችን ናቸው። ከይሁና በፊት የነበረው ውሻ ከቡችላነቱ ጀምሮ በሩ ሥር ታስሮ ነው ያደገው። ከሰንሰለቱ ርዝመት የሚያልፍ ዓለም አያውቅም። ሰው ሲያልፍ ይጮኻል፣ ድመት ስታልፍ ይጮኻል፣ ነፋስ ሲነፍስም ይጮኻል። ሁልጊዜ ስለሚጮኽ ጩኸቱን ከቁም ነገር የሚቆጥረው አልነበረም። አንድ ቀን ማሰሪያው ተበጠሰ። የነከሰው ግን ሌባ አልነበረም፤ ከጎናችን የሚኖሩት ተከራዮች ልጅ፣ ማሙሽ ነበር። ያኔ አምስት ዓመቱ ነው። ቁስሉ ድኗል፤ የተወጋውን መርፌ ግን እስከ ዛሬ በጣቶቹ ይቆጥርልሃል። ይሁና ከካርቶኑ በወጣባት የመጀመሪያ ቀን ማሙሽ ግድግዳ ተለጥፎ ቆመ፤ እናቱ መጥታ እስክታቅፈው ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀም።

ስለዚህ የእኛ ጥያቄ ውሻው ቁጭ በል ሲባል ይቀመጣል ወይ የሚል አልነበረም። ይህ ልጅ በገዛ ግቢው ውስጥ እንዴት ይኑር ነው።

ስለ ውሻ ጠባይ የተጻፈ ነገር ማገላበጥ ጀመርን። ስኮት እና ፉለር የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለዓመታት ቡችሎችን ሲያሳድጉና ሲያጠኑ ቆይተው በ1965 እ.ኤ.አ. አንድ መጽሐፍ አሳትመዋል። የቡችላ አእምሮ በጣም ክፍት የሚሆነው ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ያየውን፣ የሸተተውን፣ የዳሰሰውን «የእኔ ዓለም» ብሎ ይመዘግበዋል። ያላየውን ሲያድግ ይፈራዋል። የፈራ ውሻ ደግሞ መንገድ ካገኘ ይሸሻል። የታሰረ ውሻ መንገድ የለውም፤ የቀረችው ጥርሱ ብቻ ናት። በየበሩ ላይ በቀይ ቀለም ከሚጻፍላቸው ውስጥ ስንቶቹ ፈሪዎች ይሆኑ?

ይሁና ሲመጣ የሁለት ወር ልጅ ነበር ብለናል። የቀረን አንድ ወር ብቻ ነው ማለት ነው። ሰው አሳዩት፣ መንገድ አሳዩት ይላል ጥናቱ። ሐኪሙ ደግሞ ክትባቱን ሳይጨርስ መሬት ላይ እንዳትለቁት ይላል። ፓርቮ የሚባል አንጀት የሚያደማ በሽታ አለ፤ ቡችላ ከወደቀበት መሬት ላይ ያነሳውና በጥቂት ቀን ይሞታል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ታዲያ ምን ይደረግ? በዘንቢል! ይሁናን ዘንቢል ውስጥ ከተን፣ ጭንቅላቱን አስወጥተን ሰፈሩን አዞርነው። የሚኒባስ ረዳት ጩኸት፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ አዛን፣ የብረት ቤት ብየዳ፣ ጃንጥላ፣ ባለ ኮፍያ፣ ባለ ከዘራ፣ ሁሉንም ከዘንቢል ሆኖ አየ። አንዲት እናት አስቁመውን «ዶሮዋን በስንት ገዛችኋት?» አሉን፤ ዘወር ብሎ ሲያያቸው አማተቡ።

ስለ ሽንቱ ብዙ ማውራት አያስፈልግም፤ ቡችላ ያሳደገ ያውቀዋል። በሁለት ወሩ ሽንቱን ሁለት ሰዓት፣ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ነው የሚይዘው። ስለዚህ ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ በልቶ ሲጨርስና ተጫውቶ ሲያበቃ ተሸክሞ ማውጣት ነው፤ ሌሊትም ጭምር። ደጅ ሲሸና ወዲያው ማመስገን። ቤት ውስጥ ሸንቶ ካገኙት አፍንጫውን ማሸት ለውሻው ትርጉም የለውም፤ ያለፈውን ከቁጣው ጋር አያገናኘውም። ከሁለታችን አንዳችን ጋዜጠኝነት የተመረቅን ስለሆንን (የትኛዋ እንደሆነች ይቆየን) ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት እያልን መዝግበናል። «ማን» የሚለው ብዙ ምርመራ አልጠየቀም። ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፉ የሚልም ምክር አለ። ዛሬ ግን ጋዜጣ ለማንጠፍ ቀርቶ ለማንበብስ መቼ በቀላሉ ይገኛል?

ምግቡ ላይ አከራያችንን ያስደነገጥናቸው በሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ያለ ሽንኩርት የሚሠራ ወጥ ደግሞ እስቲ ጥሩልን! የቤት ትራፊ መስጠት ስንተው «ከእኛ ማዕድ ናቀ» አሉ። ሥጋ ቤት ሳንባና ጨጓራ እየለመንን ቀቅለን (ጥሬውን ትል ይዞ ይመጣል) ከሩዝ ጋር ሰጠነው። ዐቢይ ጾም ገብቶ ሉካንዳው ሲዘጋ 55 ቀን በእንቁላል ተሻገረ። በግቢው ውስጥ የፈሰከ እሱ ብቻ ነበር፤ ሽታውን ለእኛ ትቶ።

ከባዱ ንክሻው ነው። ቡችላ ዓለምን የሚዳስሰው በአፉ ነው፤ 28ቱ የወተት ጥርሶቹ ደግሞ መርፌ ናቸው። የእጃችን ጀርባ የከርከሮ መንገድ መስሎ ነበር። እኛን ሲነክስ ጨዋታውን አቁመን ዘወር ማለት በቂ ነው። ማሙሽ ግን ይሮጣል፣ ይጮኻል፤ ለቡችላ ደግሞ ከሚሮጥ ልጅ የበለጠ መጫወቻ የለም። ስለዚህ ሥልጠናው የሁለቱም ሆነ። ማሙሽን «ዛፍ ሁን» አልነው፦ እጅህን እጠፍ፣ ቁም፣ ወደ ላይ እይ። መጀመሪያ ከደጃፋቸው፣ ቀጥሎ ከአምስት እርምጃ፣ ቀጥሎ ከሦስት። ዛፉ ዝም ሲል ይሁና ይሰለቸውና ይቀመጣል። በተቀመጠ ቁጥር ማሙሽ ቁራሽ እንጀራ ይጥልለታል። ሦስት ሳምንት ፈጀ። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ነው መሰለን፣ ማሙሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁራሹን ከእጁ አበላው። እናቱ ከበር ላይ ሆና እስክትጨርስ ትንፋሿን ይዛ ነበር፤ እኛም።

የማሙሽን እናት ማንም ሊፈርድባት አይችልም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. ክትባቱን የሞከረው በእብድ ውሻ በተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ፣ በጆሴፍ ማይስተር ላይ ነው፤ ልጁም ዳነ። የአዲስ አበባ የድሮ ሰው እስከ ዛሬ ውሻ የነከሰውን «ፓስተር ውሰዱት» የሚለው ስሙን ይዞ ነው። የነከሰ ውሻ የማንም ይሁን የማን፣ ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ቤት። ይሁና ሦስት ወር እንደሞላው ተከትቧል፤ ወረቀቱን ኮፒ አድርገን ለማሙሽ እናት ሰጠናት። ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች።

አሁን አምስት ወሩ ነው። ዘበኛ ሆኗል ወይ? ባለፈው ሳምንት ሌሊት፣ የማይታወቅ ሰው በሩን ሲነካ ጮኸ። ሁልጊዜ ስለማይጮኽ ሁላችንም ወጣን፤ ሰውየው በር የተሳሳተ ሰካራም ነበር። አከራያችን በማግስቱ «ጮኸሳ!» አሉ፤ ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ሰንሰለቱን ግን ከምስማሩ አላወረዱትም። «ክረምቱ ይለፍና እናየዋለን» ብለዋል።

የወተት ጥርሶቹ መርገፍ ጀምረዋል። ትናንት ማሙሽ አንዷን ከደረጃው ሥር አገኛት። እሱም የፊት ጥርሱን በቅርቡ ነው ለቁራ የወረወረው። የይሁናንም ጥርስ ጣሪያው ላይ ወረወረለት፤ ቆርቆሮው ላይ ቃ ብላ ተንከባለለች። አከራያችን ከበረንዳቸው ሆነው «ቁራው ለውሻ ደግሞ ምን ሊሰጠው ነው?» አሉት።

«42 ጥርስ» አለ ማሙሽ። ቁጥሩን የነገርነው እኛ ነን።