የሩቤ ጐዳናና የቢስክሌት ነጂ እጅ

ከፓሪስ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ኮምፒዬኝ የምትባለውን ከተማ ካለፈ በኋላ አገሩ ሜዳ እየሆነ፥ የስንዴውም እርሻ ግራና ቀኙን እያጀበው ይሄዳል። ዋናው ጐዳና በሬንጅ የተለሰነ ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ ወጣ ብለው በእርሻው መካከል የሚያልፉ፥ ከቀድሞ ጀምሮ በጥርብ ድንጋይ የተነጠፉ ጠባብ መንገዶች አሉ። የገበሬው ጋሪ ሲመላለስባቸው ስለ ኖረ ከድንጋዮቹ አንዳንዱ ሰምጧል፥ አንዳንዱም ሾሎ ወጥቷል፤ በዝናብ ቀን ጭቃ፥ በፀሐይ ቀን ትቢያ ይለብሳሉ። የጉዞውም መጨረሻ በቤልጂግ ወሰን አጠገብ ያለችው፥ ቀድሞ በሱፍ ፋብሪካዎቿ ስመ ጥር የነበረችው የሩቤ ከተማ ናት።

ይህን መንገድ በዓለም ያሳወቀው የቢስክሌት እሽቅድምድም ነው። ሁለት የሩቤ ባለ ፋብሪካዎች፥ ቴዎዶር ቪየንና ሞሪስ ፔሬዝ፥ በ1896 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ውድድሩን አቋቋሙ፤ የመጀመሪያውንም ድል ጀርመናዊው ዮሴፍ ፊሸር አገኘ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፥ በ1919፥ መንገዱን ሊመለከቱ የሄዱ ሰዎች በመድፍ የታረሰውን ምድር አይተው «የሰሜን ገሃነም» አሉት፤ ስሙም እስከ ዛሬ ጸንቶ ቀረ። ዛሬ ከ250 ኪሎሜትር በላይ ከሚሆነው ጉዞ 55 ኪሎሜትር ያህሉ ጥርብ ድንጋይ ነው። አሸናፊው የሚቀበለው ሽልማትም ከዚሁ መንገድ የተወሰደ አንድ ድንጋይ ነው።

በዚህ መንገድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈተነው እግር ይመስላል፤ ነገር ግን እጅም ከእግር ባላነሰ ይፈተናል። ጎማው ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ሲዘል ንዝረቱ በመሪው በኩል ወጥቶ መዳፍን፥ የእጅ አንጓንና ትከሻን ይመታል። የሴቶች ውድድር በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደረግ ድል ያደረገችው እንግሊዛዊቱ ሊዚ ዴግናን ያለ ጓንት ነድታ ስለ ነበረ፥ በመሪዋ መጠቅለያ ላይ የእጇ ደም ታይቷል። ስለዚህ በዚያ የሚወዳደሩ ሰዎች ወፈር ያለ ጎማ ያደርጋሉ፥ ነፋሱንም ይቀንሳሉ፤ ብዙዎቹም መሪውን በድርብ ይጠቀልላሉ። ከድንጋዩ ላይ ሲደርሱም ክርናቸውን አጠፍ አድርገው መሪውን ሳያንቁ ለቀቅ አድርገው ይይዛሉ።

ከሩቤ ተነሥቶ፥ ቤልጂግን አቋርጦ ወደ ሆላንድ የሚሻገር መንገደኛ ግን ሌላ ነገር ይመለከታል። በአምስተርዳም ከተማ ሽማግሌው፥ እመቤቲቱና ተማሪው በየማለዳው በቢስክሌት ወደ ጉዳያቸው ይሄዳሉ። የብዙዎቹ ቢስክሌት መሪ ከኮርቻው ከፍ ያለ፥ ጫፎቹም ወደ ነጂው የተቈለመሙ ናቸው። ነጂው ቀጥ ብሎ ስለሚቀመጥ የሰውነቱ ክብደት በኮርቻው ላይ ያርፋል፤ እጁም መሪውን ለመምራት ብቻ ይዘረጋል እንጂ ሸክም አይሸከምም። የሩቤ ተወዳዳሪ ነፋስን ለመክፈል ሲል ጐንበስ ይላል፤ የአምስተርዳም ጸሐፊ ግን የሚሽቀዳደመው ስለሌለ የእርሱን መከራ የሚቀበልበት ምክንያት የለም።

ከሁለቱ አገሮች የምንማረው ይህ ነው፤ የእጅ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከእጁ ድካም ሳይሆን በእጁ ላይ ከተጫነው ክብደት ነው። በታናሺቱ ጣት በኩል በመዳፍ ሥር የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ እርሱ በመሪው ላይ ሲጨፈለቅ ታናሺቱ ጣትና የቀለበት ጣት ይደነዝዛሉ። በአንጓው መካከል የሚያልፈው ሌላው ነርቭ ሲጨነቅ ደግሞ አውራ ጣት፥ ጠቋሚና መካከለኛ ጣት ይደነዝዛሉ። ይህን ንቆ መተው አይገባም። የደነዘዘ እጅ በቍልቍለት ፍሬን በደንብ አይዝም፤ በማግሥቱም ብዕር ሲይዝ ይንቀጠቀጣል።

በቅሎ የሚቀመጥ ሰው እርካቡን በቁመቱ ልክ ሳያስተካክል መንገድ አይጀምርም፤ ቢስክሌትም እንዲሁ ሊለካ ይገባዋል። በመጀመሪያ ኮርቻውን ተመልከቱ፤ አፍንጫው ወደ ታች ያዘነበለ እንደ ሆነ ነጂውን ወደ ፊት እያንሸራተተ ክብደቱን በእጁ ላይ ይጥለዋልና፥ አግድም እንዲሆን አስተካክሉት። ቀጥሎ መሪው ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ብሎኑን አላልታችሁ ጥቂት ከፍ አድርጉት፤ ነገር ግን በአንገቱ ብረት ላይ የተቀረጸው የመጨረሻ ምልክት ከውጭ እስኪታይ አታውጡት፤ መሪው ተነቅሎ ነጂውን ይጥላልና። መሪው ሩቅ ሆኖ ክንድ የሚገተር ከሆነ አጠር ያለ አንገት ይገባለታል። የፍሬኑም መያዣ ጣት ሲዘረጋበት አንጓው ሳይሰበር ከክንድ ጋራ ቀጥ እንዲል ሆኖ ይታሰር። ሁሉን በአንድ ቀን አትለውጡ፤ አንዱን በግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ለውጣችሁ፥ ነድታችሁ ሞክሩት፥ ከዚያ ወደ ሁለተኛው እለፉ። ብሎኑም ሁሉ ከመነሣት በፊት በሚገባ ይጥበቅ። በጉዞም ጊዜ የእጅን አያያዝ ደጋግሞ መለዋወጥ ይረዳል። ይህ ሁሉ ተደርጎ መደንዘዙ ለቀናት ያልለቀቀ፥ ወይም ጣት ኃይል ያጣ እንደ ሆነ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

ለልጆቻቸው ቢስክሌት የሚገዙ ወላጆችም ይህን ያስቡ፤ «ያድግበታል» በማለት ለታላቅ ሰው የተሠራውን መስጠት የልጁን ክንድ ገትሮ መዳፉን ያሳምማል፥ ፍሬኑንም ያርቅበታል። መሪ በሰው ልክ ይስተካከላል እንጂ ሰው በመሪ ልክ አይዘረጋም።